ለአሥር የማይካፈል ደረጃ

እና ካልሲ፣ ካልሲውን እንዳልረሳ፣ ቀዳዳ የሌለበት፣ ተረከዙ ያልሳሳ፣ እዚያ አገር ሰው በገባበት ሁሉ ጫማውን ያወልቃል ብላለች የእህቴ ልጅ፣ ጋሼ አደራ፣ አውራ ጣትዎ አጮልቆ እንዳያሳፍረን፣ ትላለች፣ እሷ ምን አለባት፣ ሆስተስ ናት፣ ጃፓንና ኮሪያ ለሷ እንደ ጎረቤት ግቢ ናቸው፣ ቁርሷን እዚህ፣ እራቷን እዚያ፣ እኔ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሶፋ ሳለብስ የራሴን እግር ያለበሰልኝ የለም፣ ስድሳ አልኩ እንዴ፣ አርባ ይሁን፣ ለራሴም አጋንናለሁ ማለት ነው፣ በሆዴ ሳወራ እንኳ፣ ሃይ የሚለኝ ሲጠፋ እንዲህ ነኝ።

ሃይ የምትለኝ ከበሩ ወዲያ ናት።

ነጭ በር፣ መስታወቱ ጭጋግ የለበሰ፣ ጥላ ይመጣል ጥላ ይሄዳል፣ አንዱ ጥላ ሚስቴ ናት፣ ሌላው የጉልበት አሠልጣኟ፣ የሚስቴ ጉልበት በብረት ከተተካ ወዲህ በየሳምንቱ እዚህ እናመላልሰዋለን፣ ጉልበቱን፣ እንደ ተማሪ ልጅ፣ ዛሬ ፈተናው ነው፣ እዚያ ውስጥ የእንጨት ደረጃ አለ፣ በዚህ ወጥቶ በዚያ መውረድ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ፣ እሱን ያለ ደጋፊ ወጥታ ከወረደች ተመረቀች፣ እኔም መልሴን አገኘሁ፣ ምክንያቱም ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም ስላት ከደረጃው በኋላ እነግርሃለሁ ብላኛለች፣ በቃ፣ ሌላ ቃል የለም፣ የትኬት ቢሮዋ ልጅ ደግሞ ሁለቱን መቀመጫ የያዘችልን ለዛሬ ብቻ ነው፣ ቢሮው ሲዘጋ ጃፓንም ይዘጋል።

ተረጋጋ አንተ ሽማግሌ።

ይሄን ወንበር ማን ይሆን ያለበሰው፣ እጁን ይስበረው አልልም፣ ሙያተኛ በሙያተኛ አይፈርድም፣ ግን ስፖንጁ ከሞተ ቆይቷል፣ ቀባሪ ነው ያጣው፣ ሞላው ደግሞ ወንበር መሆኑን ረስቶ መርፌ መውጋት ጀምሯል፣ ሆስፒታል ስለዋለ ይሆናል፣ ከጎኔ ክራንቹን በጭኖቹ መሀል ያቆመ ሰውዬ አለ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ ብሎኛል፣ እሱ ወገቡን ነው፣ ጋሼ እርስዎስ ምንዎን ነው አለኝ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ሚስቴን ነው፣ ጃፓን ልንሄድ ጉልበቷን እያስፈተሽን ነው አልኩት፣ ጃፓን፣ አለ፣ ቅንድቡ ኮፍያው ውስጥ ገባ፣ ከዚያስ፣ ከዚያማ በመርከብ ኮሪያ፣ በመርከብ፣ አዎ በመርከብ፣ ባሕሩ ከዚህ እስከዚያ በር ነው፣ ጃፓን ሆነህ ብታስነጥስ ኮሪያ ይማርህ ይሉሃል፣ ሳቀ ሰውዬው፣ ወገቡን ይዞ ሳቀ፣ አያስቁኝ ጋሼ ያመኛል፣ ሎተሪ ወጣልዎት እንዴ፣ አይ ሶፋ ወጣልኝ።

ሶፋውስ እውነቴን ነው፣ ሶፋ ይውጣል እንጂ አይመልስም፣ ሰው ይቀመጥበታል፣ ሳንቲም ይጥልበታል፣ ማበጠሪያ፣ የበር ቁልፍ፣ አንዴማ የጥርስ ድልድይ አግኝቻለሁ፣ እኔ ሆዱን ስቀደው ነው የሚናዘዘው፣ ያገኘሁትን ለባለቤቱ እወስድለታለሁ፣ ጥርሱንም ወስጄአለሁ፣ ሳንቲሙን ግን ተወው ጋሼ ለሻይህ ይሁን ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ሻይ አልወድም፣ በቀለም ጣሳ አጠራቅማለሁ፣ እና ለሹፌሩ የጉዞውን ግማሽ የሸፈነው የሶፋ ሆድ ነው አልኩት፣ እሷ ብትሰማ ሃይ ትለኝ ነበር፣ የሶፋው ድርሻ የካልሲ መግዣ ነው፣ የቀረው የሷ ጡረታና የኔ ወገብ ነው።

ሃይ። እንዴት እንደምትለው ለሰው ማስረዳት አይቻልም፣ ጮኻ አይደለም፣ ዓይኗን እንኳ ከያዘችው ሥራ አታነሳም፣ አጭር፣ እንደ ማህተም፣ ጧ፣ ሃይ፣ ወሬህን ሰብስብ ማለት ነው፣ ልክህን እለፍ ማን አለህ ማለት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ በቃ እዚህ ነኝ ማለት ነው፣ ልጆቹንም በዚሁ ሒሳብ ነው ያሳደገቻቸው፣ አባታችሁ የሚነግራችሁን ሁሉ ለአሥር አካፍሉት፣ እና እኔ ክንዴን ዘርግቼ ይህን የሚያክል ዓሣ ስል ሦስቱም በአንድ አፍ ለአሥር፣ ዓሣዬ እዚያው ክንዴ መሀል ጣት አክሎ ይቀራል፣ ልጆቹ አድገው በየቤታቸው ሄዱ፣ ማካፈሉ ቀረ፣ እሷ ጋ።

ከበሩ ወዲያ እንጨት ተንቋቋ።

አንድ እግር ነው። ሁለተኛው አልመጣም፣ ቆየ፣ ቆየ፣ መጣ።

እሺ፣ ሌላ ነገር ላስብ፣ በጀቱን ላስብ፣ በጀት ሲባል ሚኒስትር የሆንኩ ይመስለኛል፣ መኝታ፣ ባቡር፣ ሆድ፣ ሦስት ቦታ የከፈለችው ሚስቴ ናት፣ የእህቴ ልጅ በስልክ እየነገረች እኛ ጠረጴዛው ላይ ስልኩን እንደ ሕፃን አስተኝተን እያዳመጥን፣ ጋሼ አበባው የሚፈነዳበትን ሰሞን ይተዉት፣ ዓለም ሁሉ የሚጎርፈው ያኔ ነው፣ አልጋው እጥፍ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የበዓል ሳምንታቸውንም ይተዉት፣ መከር ሲገባ ይሂዱ፣ ቅጠሉ ቀይ ሳይሆን ገና ቢጫ ሲል፣ ሽው ይላል፣ አይበርድም፣ እሺ፣ በጃፓን ይግቡ በኮሪያ ይውጡ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ለመሳፈር ገንዘብ አያፍስሱ፣ እሺ፣ መኝታ የነጋዴዎች ሆቴል ያዙ፣ ጣቢያ አጠገብ ያለ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው ግን ንጹሕ ነው፣ ምን ያህል ጠባብ አልኳት፣ ሻንጣዎን ከከፈቱ እርስዎ መውጣት አለብዎት፣ አለች፣ አየሽ አልኩ ለሚስቴ፣ ማጋነን የኛ ዘር ነው፣ ደም ነው።

ባቡሩ ላይ ተጣላን፣ ተጣላን ሳይሆን ተመዘንን፣ እኔ ያንን በሁሉ ባቡር የሚያስገባውን የቱሪስት ትኬት ፈለግሁ፣ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እንደ ጄኔራል፣ ጋሼ እሱ የሚያዋጣው በየቀኑ ከተማ ለሚቀያይር ነው፣ እናንተ ሁለት ከተማ ነው የምታዩት፣ በነጠላው ግዙ፣ ለከተማ ውስጥ ደግሞ ገንዘብ የምትሞሉበት ካርድ አለ፣ በር ላይ ነካ ማድረግ ነው፣ ጢው ይላል ትገባላችሁ፣ ኮሪያም የራሷ ካርድ አላት፣ ጢው፣ ሚስቴ እርሳሷን አነሳችና የጄኔራሉን ትኬት ሰረዘችው፣ አንድ መስመር፣ ድምፅ የለው ምን የለው፣ ጄኔራሉ ጡረታ ወጣ።

የምትሠራው ፖስታ ቤት ነበር እኮ፣ የእሽግ መስኮት፣ ሚዛን ፊቷ፣ ማህተም ቀኝ እጇ፣ ሙጫ ግራ እጇ፣ የሰው እሽግ ስትቀበል መጀመሪያ በእጇ ነው የምትመዝነው፣ ከዚያ ሚዛኑን ትጠይቃለች፣ ሚዛኑ እሷን እየፈራ ነው የሚቆመው፣ ጃፓን የሚል ወረቀት ለጥፋለች፣ ኮሪያ የሚል ለጥፋለች፣ ሚሊዮን ጊዜ፣ መቶ ሺህ ጊዜ ይሁን፣ እና ጡረታ የወጣች ቀን አበባ ይዛ ቤት ገብታ ጫማዋን እየፈታች ምን አለች፣ ያ ሁሉ እሽግ ደርሶ ይሆን፣ አለች፣ ላክሁ እንጂ አንድ ቀን ሲደርስ አላየሁ፣ አለች፣ ለኔ አይደለም፣ ለጫማዋ ነው ያለችው፣ እኔ ግን ሰማሁ፣ ያን ቀን ነው የቀለም ጣሳውን የገለበጥኩት፣ ጉዞው የኔ መስሎት ይሆናል ሰው፣ የኔ አይደለም፣ እኔማ ሳልሄድም አወራለሁ፣ መሄድ ለኔ ወሬ ማበላሸት ነው፣ ጉዞው የዚያች የጫማ ወሬ ነው።

ምነው ዝም አለ። በሩ ዝም አለ።

ሹፌሩ ደግሞ እዚያ ኑሮ ውድ ነው አሉ ይለኛል፣ ውድማ ነው፣ ግን ብልሃት አለው፣ ዋና ምግብህን ቀን ላይ ብላ፣ ያው ምግብ ቤት ያንኑ ሳህን ቀን ላይ በርካሽ ያቀርበዋል፣ ማታ ከሱቅ፣ በየመንገዱ ጥግ ሌት ተቀን የማይዘጋ ትንሽ ሱቅ አለ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በወረቀት የተጠቀለለ የሩዝ ድቡልቡል፣ ትኩስ ሾርባ፣ እና ጉርሻ አትስጥ፣ ሂሳብ ላይ ጨምረህ ብትሄድ ገንዘብህን ረሳህ ብለው እስከ ሆቴልህ ይከተሉሃል፣ ሃይ፣ እስከ በሩ ይሁን፣ አሁን ማን ነው ሃይ ያለኝ፣ እኔው ነኝ፣ እና ቆሻሻ መጣያ የለም፣ የላጥከውን ልጣጭ ኪስህ ይዘህ ትዞራለህ፣ ፌስታል ያዝ፣ ሹፌሩ ክራንቹን እያሻሸ ነገ የሚሄድ ይመስል በጥሞና ይሰማኛል፣ ነቄ ነው፣ ዝርዝር ሳንቲም መያዣ ቦርሳስ አለዎት አለኝ፣ ሳንቲማቸው ብዙ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አየህ፣ ሹፌር ነው፣ መንገድ ያውቃል።

ኮሪያማ። የኮሪያ ገንዘብ የኔ ገንዘብ ነው፣ የተፈጠረው ለኔ ነው፣ ዜሮው ዜሮውን ተከትሎ፣ አንድ ስኒ ቡና ስንት ሺህ፣ አንድ አዳር ስንት አሥር ሺህ፣ ይህን የመሰለ አጋናኝ ገንዘብ አይቼ አላውቅም፣ እዚያ እንደገባሁ ሚሊየነር ነኝ፣ የእህቴ ልጅ የአልጋውን ዋጋ ስትነግረን እኔ ተነስቼ ለሚስቴ በትልቅ ድምፅ ደገምኩላት፣ እሷ እንደ ልማዷ ዓይኗን ሳታነሳ ለአሥር አለች፣ እንዴ እትዬ፣ አለች ልጅቷ ስልኩ ውስጥ፣ ማን ነገረዎት፣ የኮሪያውን ወደ ጃፓን የሚመልሱት እንደዚያ እኮ ነው፣ አንድ ዜሮ መቁረጥ፣ ትንሽ ነው የሚያዛንፈው፣ ሚስቴ እርሳሷን አስቀምጣ አየችኝ፣ ያኔ የሳቅነው ሳቅ፣ እንባዋን ጠረገች፣ አርባ ዓመት የኮሪያ ገንዘብ አግብቼ ኖሬ ነው፣ አለች።

ሌላም አለ፣ እትዬ፣ አለች ልጅቷ፣ ጃፓን አንድ ቃል ከያዙ አይጠፉም፣ ሃይ፣ አዎ ማለት ነው፣ እሺ ማለት ነው፣ አንገት ዝቅ አድርጎ ሃይ፣ በቃ፣ ሚስቴ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አዎ ስልህ ከርሜያለኋ፣ አለች፣ አንተ ሰው እድለኛ ነህ።

ስለዚህ ምን ነካኝ፣ እንዲህ ደህና እየሄደ ሳለ፣ ምሳ ላይ፣ ምላሴን ምን ነካው።

እውነቱን ስነግራት ከረምኩ እኮ፣ የሽንት ቤት መቀመጫቸው በኤሌክትሪክ ይሞቃል አልኳት፣ ሃይ፣ ባቡሩ ለአፍታ ከዘገየ በማይክሮፎን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሃይ፣ ኮሪያ ከዋናው ምግብ ጋር የጎን ሳህን ሳያስከፍሉ ያመጣሉ፣ ስትጨርሺው ይሞሉልሻል፣ ሃይ፣ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ሳልጨምር ባወራ እውነቱ ራሱ አጋናኝ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ሁሉን ለአሥር እያካፈለች መቀመጫው ለብ ይላል፣ ባቡሩ ጥቂት ያፍራል፣ እኔም ተበሳጨሁ፣ እና ምሳ ላይ፣ እንደ ድሮዬ፣ አንድ እውነተኛ ውሸት ልዋሽ ብዬ፣ የባቡር ጣቢያቸው ደረጃ አልኳት፣ ከመሬት ሆድ ነው የሚጀምረው፣ ሙሽራ ሆኖ የጀመረው አያት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ሺህ ደረጃ ነው፣ ሺህ።

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ሃይ እስክትል ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ ሃይ የለም፣ ለአሥርም የለም፣ ሳታካፍል ዋጠችው፣ ከነምኑ፣ እጇ ጠረጴዛው ሥር ወረደ፣ ጉልበቷን ይዛ ነው፣ አየሁት፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን ቀልድ ያንን ብቻ አመነችኝ፣ ፍርሃት ሒሳብ አያውቅም ለካ፣ አንተ ሂድ፣ አለች፣ ሂድና አይተህ ንገረኝ፣ እኔ እሽግ አይደለሁም ከደረጃ ደረጃ ተሸክመህ የምታዞረኝ፣ እንዴ ሊፍት አለ እኮ አልኳት፣ በየጣቢያው ሊፍት አለ፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃም አለ፣ እውነቴን ነው፣ አሰበች፣ ከአሥሩ ባንዱ ጣቢያ አለ ማለት ነው፣ አለች።

ውሸቱን ሙሉውን አመነች፣ እውነቱን ሲሶውን እንኳ አይደለም።

ተሸክሜ አላዞርሽም አላልኳትም፣ አዞርሽ ነበር አላልኳትም፣ ወገቤ ይህን ጠረጴዛ እንኳ አያነሳም፣ ሳህኔ ላይ እንዳለቀሰ ሰው አፈጠጥኩ፣ ምሳው ቀዘቀዘ።

በዚህ በጀት ውስጥ አንዴ ብቻ ነው እንደ ልጅ የሳቀችው፣ ከገንዘቡ ሌላ፣ ሻንጣው ላይ፣ ጋሼ ሻንጣ እየጎተታችሁ ደረጃ አትውጡ፣ ከሆቴል ወደ ሆቴል ይላካል፣ ዛሬ እንግዳ መቀበያው ላይ ትሰጣላችሁ ነገ የሚቀጥለው ክፍላችሁ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ትንሽ ነው የሚያስከፍሉት፣ ሚስቴ ስልኩ ላይ ተደፋች፣ መዝግበው ነው የሚረከቡት፣ አዎ እትዬ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ አዎ፣ የሚሰበር ነገር ቢኖርስ፣ ይለጥፉበታል እትዬ፣ የሚሰበር ብለው፣ የብርጭቆ ሥዕል አድርገውበት፣ እሱማ እኛም ጋ ነበር፣ አለች፣ ፊቷ በራ፣ እና ሲደርስ እኛው እናየዋለን፣ አለች፣ እኛው ልከን እኛው ስንቀበል።

ያን ጊዜ ነበር ልቧ የሄደው። አካሏ ነው የቀረው፣ በኔ ሺህ ደረጃ።

ስልኬ። ኪሴ ውስጥ እንደ ንብ ጥዝ ይላል፣ የትኬት ቢሮዋ ልጅ ናት፣ አባባ ልንዘጋ ነው እኮ፣ ሁለቱን ልቁረጠው ወይስ፣ ትንሽ ቆይ የኔ ልጅ፣ ከፈለጉ አንዱን ልቁረጥልዎ ሌላውን እንልቀቀው፣ አንዱን፣ አለች፣ በደግነት ነው ያለችው፣ ግን ያ አንድ የሚል ቃል ጆሮዬ ውስጥ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ አንድ መቀመጫ፣ ኮሪያ ውስጥ እኮ ጥብስ ቤቱ ለአንድ ሰው እሳት አያነድም አሉ፣ ቢያንስ ለሁለት ነው የሚያቀርቡት፣ ብቻህን ከገባህ አዝነው ይሸኙሃል፣ ብቻዬን ብሄድ በረሃብ እመለሳለሁ፣ ያየሁትን ሁሉ ደግሞ ማን ያካፍልልኛል፣ ማን ልኩን ይነግረኛል፣ ሳልካፈል ፈንድቼ እሞታለሁ፣ አምስት ደቂቃ ስጪኝ የኔ ልጅ፣ እሺ አባባ።

ምንድን ነው ያ።

እንጨት አይደለም፣ ብረትም አይደለም፣ የወደቀ ነገር ነው፣ ረዘም ያለ፣ መሬት ላይ ተንከባልሎ ግድግዳ የነካ፣ ተነስቻለሁ፣ መቼ ተነሳሁ፣ ሹፌሩ ክንዴን ይዞ ይቀመጡ ጋሼ፣ ዱላ ነው፣ የዱላ ድምፅ ነው፣ እኔም ውስጥ ሆኜ ጥዬዋለሁ፣ ይላል፣ እጇ ከድቷት ነው ወይስ ጣለችው፣ የሚለየው የለም፣ የመስታወቱ ጥላ ከፍ አለ፣ በአንድ ደረጃ ከፍ አለ፣ እንጨቱ ተንቋቋ፣ ሁለተኛው እግር አልቆየም፣ ወዲያው መጣ፣ ጥላው ደግሞ ከፍ አለ፣ አናት ላይ ቆመ፣ እዚያ ምን ታያለች ይሆን፣ ግድግዳ ነው ያለው፣ የአጥንት ሥዕል የተለጠፈበት፣ ውረጂ በይ የኔ እመቤት፣ መውረዱ ነው የሚከብደው ብለውናል፣ በደህናው እግር ውጪ በታመመው ውረጂ፣ እሱን እንኳ ለእህቴ ልጅ ምክር እንጨምርላታለን፣ መውጫ በደህናው፣ መውረጃ በታመመው፣ ወረደ ጥላው፣ ወረደ፣ የለም፣ ጠፋ ከመስታወቱ፣ ሹፌሩ ተመረቁ ጋሼ አለኝ፣ እኔ ነኝ እንዴ የተመረቅሁት፣ ፊትዎን ቢያዩት፣ አለ።

በሩ ተከፈተ።

ዱላውን አሠልጣኟ ይዛዋለች፣ ሚስቴ ባዶ እጇን ናት፣ ላቧ ግንባሯ ላይ፣ ነጠላ ጸጉር ጉንጯ ላይ ተጣብቆ፣ ፊቷ ቀልቶ እንደ ልጅነቷ፣ አሠልጣኟ ትላለች እትዬ በቀስታ፣ ቀስ እያሉ የትም፣ ረጅም ሲጓዙ ግን አውሮፕላን ውስጥ ተነስተው ይራመዱ፣ የሕመም ማስታገሻዎን የመድኃኒት ወረቀት ይያዙ፣ አንዳንዱ አገር የማያስገባው መድኃኒት አለ፣ ኤምባሲውን አስቀድመው ይጠይቁ፣ እሺ እሺ ትላለች ሚስቴ፣ እኔን ነው የምታየው፣ መጣች፣ ፊቴ ቆመች፣ ሹፌሩ ክራንቹን መመልከት ጀመረ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ጆሮው ግን ወደኛ አድጓል።

ስንት ነው፣ አለችኝ።

ምኑ።

ደረጃው፣ ስንት ነው እውነቱን።

ምላሴ ጫፍ ላይ ስንት ነገር ተሰለፈ፣ አንድም የለም፣ ምንጣፍ ነው፣ አዝለው ያወጡሻል፣ ደረጃው ራሱ ይሰግድልሻል፣ ሁሉም ተሰልፎ ግቡ በለን ይላል፣ ሆዴን ያዝኩት፣ እንደ ሶፋ ሆድ፣ ዘጋሁት፣ ሰፋሁት።

አላውቅም፣ አልኳት። አልቆጠርኩትም፣ አላየሁትም። ሊፍት አለ፣ ግን ከጥግ ነው አሉ፣ ዞሮ መፈለግ አለበት፣ አንዳንድ ቦታ ላናገኘው እንችላለን፣ ያኔ እናርፋለን፣ ያኔ ባቡሩ ይለፈን።

እንዴት አልጫ ነው እንዲህ ሲነገር፣ ጨው የሌለው፣ ሽማግሌ የሽማግሌ ወሬ ያወራ መሰለኝ፣ እሷ ግን በእጇ የምትመዝነው ይመስላል፣ መጀመሪያ በእጇ፣ ከዚያ ነው ሚዛኑን የምትጠይቀው፣ ይሄንን ለስንት ላካፍለው፣ አለች፣ አታካፍይው፣ አልኩ፣ እንዳለ ነው።

እንዳለ፣ አለች። ጸጉሯን ከጉንጯ አነሳች።

እና አንተ እየፈለግህ ስትዞር እኔ ቆሜ ልጠብቅህ ነው፣ ጃፓን መሀል፣ ስትጠፋ ማን ይፈልግሃል፣ አብሬሽ ቆሜ እጠይቃለሁ፣ በምን ቋንቋ፣ በእጄ፣ ሰውነቴን ሊፍት አድርጌ፣ ወደ ላይ እየሳብኩ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ቴሌቪዥን እስኪመጣ፣ ጠቅላላ አገሩ ሥራ ፈትቶ፣

ሃይ፣ አለች።

ሃይ። የቱ ነው። ዓይኗን አላነሳችም ለማለት አልቻልኩም፣ አንስታለች፣ አንገቷን ደግሞ ዝቅ፣ ትንሽ፣ እንደ ሰላምታ ዝቅ ያደረገች መሰለኝ፣ ወይስ ቦርሳዋን እያየች ነው፣ ሃይ በቃህ ነው ወይስ ሃይ አዎ፣ የትኛው አገር ሃይ ነው ልላት ስል አልፋኛለች፣ ዱላውን ከአሠልጣኟ ተቀብላ ብብቷ ሥር እንደ ጋዜጣ ሸጉጣ፣ ሹፌሩን ምሕረቱን ይላክልህ የኔ ልጅ ብላ፣ ኮሪደሩን ይዛ፣ ሊፍቱ እዚያ ነው፣ በሩ ተከፍቶ ሰው ያራግፋል፣ ሚስቴ ግን ሊፍቱን እንደማታውቀው ሰው አለፈችው፣ የፎቁ ደረጃ ራስ ላይ ቆመች፣ መደገፊያውን ያዘች፣ የታመመውን እግር አስቀደመች፣ መውረጃ በታመመው፣ ወረደች።

ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ ሄሎ የኔ ልጅ፣ ሁለቱንም ቁረጪ፣ አዎ ሁለቱንም፣ አንድ ነገር ብቻ፣ የመተላለፊያው ወገን ለሷ ይሁን፣ ጉልበቷን ትዘርጋ፣ እኔ መሀል ይበቃኛል፣ የለም መስኮት አልፈልግም፣ ምን ላይ ብዬ ነው፣ ደመና ነው፣ እኔ ከጎኗ ልሁን፣ በስተቀኟ፣ በዚያ በኩል ሃይ ስትለኝ በደንብ ይሰማኛል፣ ከታች ደረጃው ላይ ትጠራኛለች፣ አንተ ሰው፣ አንተ ሰው ና፣ ስንት ሰዓት ትቆማለህ፣ መጣሁ፣ ከሊፍቱ ቀድሜ ልድረስብሽ እንጂ፣ መጣሁ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ።